የመኪናዬ ታክስ ይመለሳል ወይ?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱም የኔ ነው። ፌብሯሪ 2026፣ አንድ ቅዳሜ ማታ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ገብታለች፣ እኔ ደብሊው ቱዎቹን፣ ማለትም የዓመቱን የደሞዝ ወረቀቶች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አሜሪካ ያለን ሐበሾች ስለ ታክስ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ወረቀት የምንጠያየቅበት መድረክ አለ። እዚያ ገብቼ ጻፍኩ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይኼ ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው የምንኖረው። አምስት ቤተሰብ ነን። ባለፈው ሜይ አዲስ ቶዮታ ሲዬና፣ የቤተሰብ ቫን፣ ገዛን። ዋጋው 45,000 ዶላር። አሮጌዋን መኪና በ5,000 ዶላር አስረከብን። እዚህ ሴልስ ታክስ (ዕቃ ሲገዛ የሚከፈለው) 8.25 በመቶ ነው፤ እንግዲህ 3,712 ዶላር ከፍያለሁ ማለት ነው። አንድ ክርስትና ላይ ያገኘሁት ወዳጄ ደግሞ እሱ የመኪናውን ታክስ ፌዴራል እንዳለ እንደመለሰለት አጫውቶኛል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ የቱ ፎርም ላይ ነው የሚሞላው? አለቀ።

በዚች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ስህተት ነበረ። ያኔ አልታየኝም። 42 መልስ መጣ። ሁሉንም አልተርክም፤ ግማሹ ሌላ ወሬ ነው።

መልስ 1 አራት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። አንድ ቃል ናት። አዎ ትላለች። እንዴት፣ በየትኛው መሥመር፣ ለማን፣ ምንም የለም። መልስ 2 ከሂዩስተን ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ የመኪናዋን ቀለም ጠየቀ። ነጭ ናት አልኩት። ሦስት ልጅ ያለው ሐበሻ መጨረሻው ነጭ ሲዬና ነው ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው።

ነገሩን መልክ ያስያዘችው የመልስ 3 ባለቤት ናት። አትላንታ ነው የምትኖረው፤ በታክስ ወቅት የሰው ታክስ ትሠራለች። ስትጽፍ ትሕትናዋ ያስቀናል። መጀመሪያ ሁለት ቃል ለየችልኝ፤ ተመላሽና ተቀናሽ። ሴልስ ታክስ ተቀናሽ ነው እንጂ ተመላሽ አይደለም። ታክስ ከሚጣልበት ገቢህ ላይ ይነሳል፣ በቃ። የ12 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሰው 100 ዶላር ቢቀነስለት ኪሱ የሚገባው 12 ዶላር ነው። የኔ 3,712 ዶላር እንዳለ ቢቀነስልኝ እንኳ 445 ዶላር ገደማ ነው። ክርስትናው ላይ የሰማሁት ሌላ ነበር።

ቀጥላ ዋናውን ነገር አመጣች። ማንም ሰው ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ጥያቄ የሚቀነስለት ገንዘብ አለ፤ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የምንለው። ለ2025 አብረው ለሚሞሉ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር፣ ለነጠላ 15,750፣ ልጅ ይዞ ብቻውን ቤት ለሚያስተዳድር 23,625 ነው። ሴልስ ታክሱን መቀነስ የሚችለው ይህን ትቶ ስኬጁል ኤ በሚባለው ቅጽ ላይ ወጪውን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሰው ነው። ሁለቱንም መውሰድ የለም። የዝርዝሩ ድምር ከ31,500 ካልበለጠ የመኪናው ታክስ ቦታ የለውም። ሴልስ ታክሱ ራሱ የሚገባው በስቴት ገቢ ታክስ ፈንታ መሥመር 5ኤ ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ማድረግ አይረሳም። የዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ ማጠራቀምም ግዴታ አይደለም። አይ አር ኤስ፣ የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ በገቢ፣ በቤተሰብ ብዛትና በስቴት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለው፤ በሠንጠረዡ ላይ ደግሞ የመኪና ታክስ ለብቻው ይደመራል። አሮጌ መኪናም ቢሆን፣ በሊዝ የተወሰደም ቢሆን። መጨረሻ ላይ የቤቴን ወለድ፣ የቤቴን ታክስና ለቤተ ክርስቲያን የሰጠሁትን ጠየቀችኝ።

መልስ 4 ተከራይ ነው፤ እኔስ አለ። ሌላ ትልቅ ወጪ ከሌለህ ይህ ክር (ይህ ውይይት) ያንተ አይደለም ብለው ሁለት ሰዎች ወዲያው መለሱለት። ትንሽ ጨከኑበት፤ ግን ልክ ናቸው። የቤት ብድር ወለድ የሌለው ሰው ከዚያ መስፈሪያ አልፎ መሄዱ ብርቅ ነው።

መልስ 7 የኔ ነው። ቁጥሬን ዘረገፍኩት። የቤት ብድር ወለድ 16,300። የቤት ታክስ 7,200። ቤተ ክርስቲያን 2,700። ከአይ አር ኤስ መመሪያ የቴክሳስ ሠንጠረዥ ላይ ያነበብኩት 1,450። መኪናው 3,712። ድምር 31,362። ከ31,500 በ138 ዶላር አንሶ ቀረ! እስቲ ይታያችሁ። ለዓመቱ ሁለት ካልሲ ለመጠለያ ብሰጥ ኖሮ ብዬ ጻፍኩበት።

ያም ተስፋ ሩብ ሰዓት አልቆየም። መልስ 8 ዳላስ ውስጥ መኪና መሸጫ፣ ውል የሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ዘወር አላለም። ቴክሳስ ውስጥ የመኪና ታክስ 6.25 በመቶ ነው፤ በየአካባቢው የሚጨመረው 2 በመቶ መኪና ላይ አይገባም። 8.25 የሶፋና የቴሌቪዥን ነው። በዚያ ላይ ያስረከብከው መኪና ዋጋ ከመሸጫው ላይ ተነስቶ ነው ታክሱ የሚሰላው። በግምት አትሥራ፣ ውሉን አውጣና አንብብ አለኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ በነጠላ ጫማ ጋራዥ ወረድኩ። ውሉ የጓንት ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ከልጆቹ ብስኩት ፍርፋሪ ሥር፣ ለአራት ታጥፎ። በስልኬ መብራት ጣቴን እያስሄድኩ መሥመሩን አገኘሁት። 2,500.00። ከ45,000 ላይ 5,000 ሲነሳ 40,000፣ የሱ 6.25 በመቶ። ልጁ አልተሳሳተም። ድምሬ ወደ 30,150 ወረደ። በአንድ መልስ 1,212 ዶላር ሄደ። መኪናዋ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጬ ቀረሁ።

ስመለስ መልስ 9 ገብቷል፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ሲያትል የምትኖር ነርስ ናት። ሠንጠረዥ መኖሩን ሳታውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ደረሰኝ አጠራቅማለች። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ሞላ፣ ከዚያ የጫማ ካርቶን ሞላ። ዓመቱ ሲያልቅ ከእህቷ ጋር ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ይደምሩ ጀመር። መጀመሪያ ያዩት ነገር ግማሹ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት መሆኑን ነው። ቀለሙ ጠፍቷል፤ ያ በሙቀት የሚታተም ወረቀት እኮ በጋ አይችልም። ሁለተኛው የባሰ ነው። የተረፈው ደረሰኝ አብዛኛው የጤፍ፣ የሽንኩርት፣ የዘይት፣ የሥጋ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከግሮሰሪ ምግብ ላይ ሴልስ ታክስ አይወስድም። ስለዚህ ከደረሰኙ ግርጌ ታክስ የሚለው ላይ የተጻፈው ዜሮ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዜሮ ስታስቀምጥ ኖራለች። እህቷ ቆርቆሮውን አጥባ ለበርበሬ ወሰደችው።

መልስ 10 ለነርሷ አዘነላትና አንድ ነገር ጨመረ። በደረሰኝ መሄድ የሚያዋጣው ያ ዓመት ትልቅ ዕቃ የገዛህበት ከሆነ ነው፤ የቤት ዕቃ በሙሉ የቀየርክ፣ ሠርግ የደገስክ። ዋሽንግተን ስቴት መኪና ላይ ከመደበኛው ሴልስ ታክስ በላይ የምታስከፍላት ትርፍራፊ አለች፤ እሷ እንደማትቀነስም አስታወሰ። በመኪና ላይ የተከፈለው መጠን ከመደበኛው ከበለጠ የሚቆጠረው መደበኛው ድረስ ብቻ ነው። ካነሰ ግን፣ እንደኛ ቴክሳስ፣ የከፈልከው ይቆጠራል።

መልስ 11 ከቨርጂኒያ ነው፤ ድምፁ የተበሳጨ። እናንተ አንዴ ከፍላችሁ ታወራላችሁ፣ እኛ በየዓመቱ ለካውንቲው የመኪና ታክስ እንገፈግፋለን አለ። መልስ 12 አጽናናው። ያ በመኪናው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በየዓመቱ የሚመጣው ሒሳብ መሥመር 5ሲ ላይ ይገባል፤ ሴልስ ታክስ መረጥክ ገቢ ታክስ መረጥክ ለውጥ የለውም። እኔም ተስገብግቤ የሰሌዳ እድሳታችንስ ብዬ ጠየቅኩ። የቴክሳሱ በዋጋ ላይ ስላልተመሠረተ አይሆንም ተባልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ሜሪላንዳዊ ገባ፤ መልስ 13 መሰለኝ። ጁላይ ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኦስቲን ጓዙን ጭኗል። ሜሪላንድ ከደሞዙ ገቢ ታክስ ወስዳለች፤ ቴክሳስ ደግሞ ገቢ ታክስ የላትም። ለመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የገቢውን፣ ለሁለተኛው ግማሽ ሴልስ ታክሱን ልውሰድ ወይ ነው ጥያቄው። የአትላንታዋ እህት ተመልሳ መጣች። መሥመር 5ኤ አንዱን ወይም ሌላውን ነው የሚያስመርጠው፤ ቀላቅሎ መብላት የለም። ሴልስ ታክስን ከመረጠ የሁለቱን ስቴት ሠንጠረዥ በኖረበት ቀን ብዛት እያካፈለ ይደምራል። ከዚያ የገቢ ታክሱን አጠገቡ አስቀምጦ የበለጠውን ይውሰድ። ሜሪላንድ ስድስት ወር የቆረጠችው ሳይበልጥ እንደማይቀር ገመተች። ልጁ አመስግኖ ስለ ኦስቲን የቤት ኪራይ ማማረር ጀመረ፤ ሦስት መልስ በዚያ አለቀ።

ጭቅጭቁ የተጀመረው መልስ 17 ላይ ነው። ላስ ቬጋስ ኡበር የሚነዳ ሰው ነው። እንዲህ መጨናነቅ አያስፈልግም አለ። እሱ በየዓመቱ የመኪናውን ሴልስ ታክስ ስኬጁል ኤ ላይ ያስገባል፤ ለሥራ ለነዳበት ደግሞ በማይል 70 ሳንቲሙን ይወስዳል፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም። መልስ 18 ምላሱ ስለት ነው። አንድ መኪና ታክስ የሚከፈልበት ሲገዛ አንዴ ነው፣ አንተ በየዓመቱ የምትቀንሰው የስንት መኪና ነው አለው። ቀጥሎ ትምህርቱን አመጣ። 70 ሳንቲሟ ውስጥ የመኪናው እርጅና አለ። ለሥራ የዋለ መኪና ሴልስ ታክስ ደግሞ የመኪናው ዋጋ አካል ሆኖ ነው የሚታየው። በማይል የወሰደ ሰው ያንኑ ሴልስ ታክስ በሌላ በር አያስገባም። ስኬጁል ኤ ላይ የሚወጣው ለግል የተነዳበት ድርሻ ብቻ ነው፤ እሱም በተገዛበት ዓመት።

ሹፌሩ ተቆጣ። መልስ 19 ላይ መልስ 18ን የአይ አር ኤስ ጆሮ ጠቢ አለው። መልስ 20 ላይ ደግሞ ያው የመልስ 18 ሰው ጆሮ ጠቢ ሳይሆን ደብዳቤ ደርሶት ያለቀሰ ሰው ነኝ አለ። ከዓመታት በፊት ታክስ ሠሪው እንዲሁ ሁለት ቦታ አስገብቶለት፣ ከወለድና ከቅጣት ጋር መልሷል። ታክስ ሠሪው ስልኩን ቀይሮ ጠፋ፤ ፊርማው ግን የሱ ነው። ይህን ሲናገር ስለቱ ትንሽ ደነዘዘ። ሹፌሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

አስታራቂው መልስ 22 ነው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንለው የዋሽንግተን ዲሲ ሰው። ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ታክስ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በእጁ የሞላ። ሁለቱንም ልጆቼ ብሎ ገሰጸና ወደ ድሮ ወሰደን። እሱ ሲመጣ ሴልስ ታክስም ገቢ ታክስም አብሮ ይቀነስ ነበር። ምርጫ የሚባል ነገር የለም። የክሬዲት ካርድ ወለድ ሳይቀር ይቀነስ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ዕዳውን እንኳ በፈገግታ ነበር የሚከፍለው አለ። ከዚያ የ1986ቱ የሬገን ዘመን የታክስ ሕግ መጣና ሴልስ ታክሱን ቆረጠው። ገቢ ታክስ የሚያስከፍሉ ስቴቶች ነዋሪ ገቢ ታክሱን ሲያስቀንስ፣ ቴክሳስና መሰሎቿ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። 18 ዓመት ያህል እንዲያ ሆነ። በ2004 ኮንግረስ አንዱን ምረጡ ብሎ መለሰው፤ ግን በጊዜያዊነት፣ በየጊዜው እየታደሰ። ቋሚ የሆነው በ2015 ዲሴምበር ላይ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የ2017ቱ ሕግ ከ2018 ጀምሮ ሁሉንም የስቴትና የከተማ ታክስ በ10,000 ዶላር ጣሪያ ሥር አስገባው። ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት በቃሉ ነው የሚያውቀው። ቀኑን ኋላ ላይ አረጋገጥኩ፤ አልሳተም።

የጣሪያው ወሬ ሲነሳ ፖለቲካው ተከተለ። ከኒው ጀርሲ የመጣ ሰው፣ የቤቱ ታክስ ብቻ ጣሪያውን የሚነካበት፣ ለ2025 ጣሪያው ወደ 40,000 ዶላር በመውጣቱ እፎይ ብሏል። ሌላው ለሀብታም የተሠራ ሕግ ነው አለው። ሦስተኛው ገቢው ከ500,000 ዶላር ሲያልፍ ጣሪያው እየወረደ እንደሚሄድ፣ በ2030 ደግሞ ለሁሉም ወደ 10,000 እንደሚመለስ ነገራቸው። ከዚያ የፓርቲ ስም ተጠራ፤ ያን ትቼዋለሁ። ለኔ የጠቀመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በአምናው ሕግ ቢሆን የቤት ታክሴና ሴልስ ታክሴ ተደምሮ ከ10,000 በላይ ያለው ይቆረጥብኝ ነበር፤ ዘንድሮ አይቆረጥም።

መልስ 26 ክሩን ይዞት ቦሌ ወረደ። ሰውየው ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄዶ ለእናቱ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ገዝቷል። 15 በመቶ ቫት ከፍሏል፣ ደረሰኝም አለው። ይኼስ ሴልስ ታክስ አይደለም ወይ? አይደለም። የሚቆጠረው የአሜሪካ ስቴትና ከተማ የጣሉት ብቻ ነው። መልስ 27 ታዲያ በየወሩ ለእናቴ የምልከውስ አለች። እሱም አይቀነስም፤ ለእናት መስጠት ጽድቅ ነው፣ በአይ አር ኤስ ቋንቋ ግን በጎ አድራጎት አይባልም። መልስ 28 የባሰውን አረዳን። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ከላካችሁ አይነካችሁም። ዕድርስ? አይቀነስም። ለታመመ ሰው በኢንተርኔት ያዋጣሁትስ? አይቀነስም። ዕቁብስ ያለ ጉደኛም አልጠፋ። የራስህን ብር መልሰህ እየበላህ ነው ዲዳክሽን የምትጠይቀው አሉት።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ሁለት ሰው የኔን ጉዳይ አልረሱም። መልስ 30 ሠንጠረዡን ስታነብ የከተማውን ጨምረሃል ወይ አለኝ። አልጨመርኩም። በመመሪያው ያለው የቴክሳስ ቁጥር የስቴቱ 6.25 ብቻ ነው። የጋርላንድ 2 በመቶ ለብቻው ይሰላል፤ 2 ለ6.25 ሲካፈል 0.32፣ የ1,450 ዶላር 0.32 ደግሞ 464 ዶላር። አይ አር ኤስ ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው ማስያ ዚፕ ኮድ ብትሰጠው ይህን ራሱ ይሠራዋል፤ እኔ ነኝ በእጄ ካልሆነ ያልኩ። ድምር 30,614።

መልስ 31 እናት ናት፤ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ለቤተ ክርስቲያን የሰጣችሁት 2,700 የማን ነው አለች። የኔ። የባለቤትህስ? ዝም አልኩ። የባንክ ሒሳባችን ለየብቻ ነው፤ ጠይቄያት አላውቅም። ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ጠየቅኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ መሳቢያውን ከፍታ ጃንዋሪ ላይ የመጣውን የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ ሰጠችኝ። በወር 90 ዶላር፣ 12 ወር፣ 1,080። አንተ ካልሲ ስትቆጥር ኖረሃል አለችኝና ተኛች። የመድረኩን ክር አንብባለች ማለት ነው።

ድምር 31,694። አለፍን! ስንት? 194 ዶላር። የ12 በመቶ ሒሳቡ 23 ዶላር ከ28 ሳንቲም።

ይህን መልስ 33 ላይ ስጽፍ የሳቅ ምልክት ዘነበብኝ። ታክስ የምትሠራልን ሴት ለስኬጁል ኤ 75 ዶላር ታስከፍላለች ብዬ ስጨምርማ ሹፌሩ እንኳ ከዝምታው ወጥቶ ሳቀብኝ። ይገባዋል፤ ብዙ ሰው ሲስቅበት ስለዋለ።

መልስ 35 ኢንዲያና የሚኖር ሰው ነው። እስከዚያ አንድም ቃል አልተነፈሰም። መኪናህን በብድር ነው የገዛኸው አለኝ። አዎ። አዲስ? አዎ። ወርደህ ቪን ቁጥሩን፣ የመኪናዋን መለያ፣ እይና የመጀመሪያውን ንገረኝ። አሁን ጧት ስለሆነ ወርጄ ከፊት መስታወቷ ሥር አነበብኩ፤ 5 ነው። ሲዬና እኛ ስቴት፣ ፕሪንስተን የሚባል ከተማ ነው የምትገጣጠመው አለኝ፤ 5 አሜሪካ የተሠራ ማለት ነው፣ ጄ ቢሆን ጃፓን ነበር። ከ2025 እስከ 2028 አሜሪካ ውስጥ ለተገጣጠመ አዲስ የግል መኪና የተከፈለ የብድር ወለድ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ይቀነሳል። ብድሩ ከ2024 በኋላ የተወሰደ መሆን አለበት፤ የባልና ሚስት ገቢ 200,000 ካለፈ እየቀነሰ ይሄዳል። ዋናው ነገር ስታንዳርዱን እየወሰድክም ይቀነስልሃል፤ ስኬጁል ኤ አያስፈልግም። ስኬጁል 1ኤ የምትባል አዲስ ወረቀት ላይ ቪን ቁጥሩን ጽፈህ ማስገባት ነው።

ከአበዳሪው የመጣውን ወረቀት ፈለግኩ። የዓመቱ ወለድ 1,260 ዶላር። በ12 በመቶ 151 ዶላር። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሴልስ ታክስ ስከራከር ገንዘቡ የነበረው ያልጠየቅኩት ነገር ላይ ነው። የላስ ቬጋሱ ሹፌር ሰምቶ የሱ ካምሪ ኬንታኪ መሠራቱን አወቀና ተነሣ፤ አሮጌ እንደገዛ ሲነግረን ግን ኢንዲያናው አዲስ ብቻ ነው አለው። ያሳዝናል።

የክርስትናውን ወዳጄን ነገር የፈታችው ያችው የአትላንታዋ ናት፤ መልስ 38። ልጅ ስንት አለው ብላ ጠየቀች። አራት። ቤቱስ? ተከራይ ነው። እንግዲያ ሴልስ ታክስ የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም አለች። ለ2025 በአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር የልጅ ክሬዲት አለ፤ እሱም ከታክሱ ላይ በቀጥታ የሚነሳ ነው። ያ ዓመት መኪና ስለገዛ የመኪናው መስሎት ነው። እኔም አሰብኩት። ተመላሹ ባንክ ሲገባ አንድ ድምር ሆኖ ነው የሚገባው፤ ከየትኛው መሥመር እንደመጣ ላዩ ላይ አይጻፍበትም። ሰው ደግሞ ደስ ያለውን ምክንያት ይሰጠዋል። ወዳጄ ጋ ደውዬ ላስረዳው ነበር። ተውኩት።

ስታንዳርዱን ወሰድን። የሲዬናዋን ውል አጥፌ ወደ ጓንት ሳጥኑ መለስኩ። መልስ 40 ላይ ሁሉንም አመሰገንኩና ክሩ ያለቀ መሰለኝ።

ማክሰኞ ዕለት መልስ 41 መጣ። ከሂዩስተን ነው፣ አዲስ ሰው። ባለፈው ዓመት ኮሮላ ገዝቷል፤ ሰው የመኪናውን ታክስ ይመልሳሉ ብሎታል፤ እውነት ነው ወይ ይላል። ለመመለስ መጻፍ ጀመርኩ፤ ሁለት መሥመር ሳልጨርስ መልስ 42 ቀደመኝ። አንድ ቃል ናት። አዎ ትላለች።